«ከአዲስ አበባ ነው የመጣችው»

መጀመሪያ የመጣው ብርድ ነው። መስከረም ላይ አምበር፣ አጎቴ ቤት፣ ክርስትና ተጠርተን ነበር። ሰው ሁሉ ዳሱ ውስጥ በሙቀት ሲቁነጠነጥ እኔ የእናቴን ጋቢ ደርቤ ጥርሴ ይንቀጫቀጭ ነበር። ቀጥሎ ራስ ምታቱ መጣ፤ ከዓይኔ ኋላ ተነሥቶ ማጅራቴን የሚይዝ። ከዚያ ትኩሳት፣ ከዚያ ላብ። ላቡ ሲያልፍ ቅልል አለኝና የዳንኩ መስሎኝ ጠላ እንኳ ቀመስኩ። ይህን የምጽፈው ሩቅ መንገድ ሄዳችሁ፣ በደኅና ተመልሳችሁ፣ «አሁንማ አገሬ ገባሁ» ብላችሁ ልባችሁን ላሳረፋችሁ ሰዎች ነው።

ደብረ ማርቆስ የጂኦግራፊ መምህርት ነኝ። የአፍሪካን ካርታ ሰሌዳ ላይ ስዬ «ይህ የደቡቡ ጫፍ ነው፤ ኬፕ ይባላል» ስል ዓመታት አለፉ። ያላየሁትን ማስተማር ሲሰለቸኝ አንድ ክረምት ቦርሳዬን አዝዬ ብቻዬን ወጣሁ። በሞያሌ ተሻገርኩ። ኬንያን፣ ታንዛኒያን፣ ማላዊን በአውቶቡስ አቋረጥኩ፤ ለመንገድ የሚሆን ስዋሂሊም ለቀምኩ። በየኬላው ግን ሰዎች አላመኑኝም። ፈረንጅ ቦርሳ ሲያዝል ቱሪስት ነው። ሐበሻ ቦርሳ ስታዝል ስደተኛ ናት። አንዱ ፖሊስ ፓስፖርቴን እያገላበጠ «የሚወስድሽ ደላላ የት አለ?» አለኝ። ልይ ብዬ ነው የመጣሁት ስለው ሳቀ። ሉሳካ ስደርስ የደቡብ አፍሪካን ቪዛ ከለከሉኝ፤ ምክንያቱን እንኳ የነገረኝ የለም። ኬፕን ሳላይ በአውሮፕላን ተመለስኩ።

አንድ ነገር ከኔ ጋር አብሮ ገብቷል። ማላዊ ሐይቅ ዳር ያደርኩበት ቤት አጎበሩ የተቀደደ ነበር። የወባ መከላከያ ዶክሲሳይክሊን ስወስድ ቆይቼ ነበር፤ ቪዛው ሲከለከል ግን ተናድጄ ኪኒኑንም ተውኩት። ጉዞው ካለቀ ኪኒኑ ምን ይሠራል ብዬ። ከቆላ ከወጡ በኋላም ለሳምንታት መወሰድ እንዳለበት የተረዳሁት ሆስፒታል ተኝቼ ነው። እኔን ድንበር ላይ ከለከሉኝ፤ ወባዋን ግን የጠየቃት አልነበረም።

ስለ እናቴ ልንገራችሁ። እናቴ መልካም ነገር አታወራም። ላሟ ብትወልድ ጥጃው እስኪጠና ድረስ ለጎረቤት አይነገርም። የኔን መንገድም እንዲሁ ደበቀችው። «ልጅሽ የት ሄደች?» ላላት ሁሉ «አዲስ አበባ፣ ለሥልጠና» ትል ነበር። አፍራብኝ አይደለም። ዓይን ፈርታ ነው። ሴት ልጅ ብቻዋን አራት አገር ዞራ መጣች ቢባል ከመቶ ሰው አንዱ ዓይኑ ይበላታል ብላ ታምናለች። እኔም ስቄ ተውኩላት። የነገርኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ከቤታችን ጋር ግድግዳ ለምትጋራው ለእትዬ ዘሃራ። እትዬ ዘሃራ ጨርቅ ነጋዴ ናት፤ ከእናቴ ጋር ልጆቻቸውን አብረው ያሳደጉ ጓደኛሞች ናቸው። ከታንዛኒያ ኪቴንጌ የሚባል ባለቀለም ጨርቅ አምጥቼላት ሱቋ ቁጭ ብዬ መንገዱን ሁሉ አጫወትኳት።

ብርዱ ተመልሶ ሲመጣ እናቴ «ምች ነው» አለች። ዳማ ከሴ ታሽቶ ተቀባሁ፤ ጭማቂውንም ጠጣሁ። ሽታው ደስ ይላል፤ አልዋሽም። ትኩሳቱ ግን አልሰማውም። ሲብስ አንድ የግል ክሊኒክ ሄድን። ነጭ ጋዋን የለበሰው ልጅ «ሰሞኑን ከየት ነው የመጣችው?» ብሎ ጠየቀ። የሚጠይቀው እናቴን ነው። አገራችን እንዲህ ነው፤ ታማሚ ይተኛል፣ አስታማሚ ይናገራል። እናቴም «ከአዲስ አበባ ነው የመጣችው» አለች። እኔ ራሴን በሁለት እጄ ይዤ ነበር፤ ለማረም አቅሙም ልቡም አልነበረኝም። ደሜ ዊዳል ለሚባለው የታይፎይድ ምርመራ ተወሰደ። «ታይፎይድ ነው፤ ታይፈስም አለባት» ተባልን። መቼስ በኛ አገር ሁለቱ ተለያይተው አያውቁም። ጄንታማይሲን የሚባል መርፌ ታዘዘልኝ። ከመተማ ሰሊጥ አጨዳ የተመለስኩ የቀን ሠራተኛ ብሆን መጀመሪያ የሚፈለገው ወባ ነበር። እኔ ግን መምህርት ነኝ፤ ከአዲስ አበባ ነው የመጣሁት።

ከዚህ በኋላ ያለውን ግማሹን ሰው ነው የነገረኝ።

አስመለሰኝ። ውሃም አልቆይ አለኝ። ዓይኔ ቢጫ ሆነ። ሽንቴ የኮካ መልክ ያዘ። ከዚያ ቀነሰ። ከዚያ ቆመ። የማየውን ሰው መለየት አቃተኝ። እናቴን «ማጂ፣ ማጂ» አልኳት። በስዋሂሊ ውሃ ማለት ነው። እሷ አላወቀችም። ልጇ በባዕድ ቋንቋ ስትለፈልፍ ሰማች። አጠገቤ ያሉት ሴቶች አማተቡ። «ይዟታል» አሉ። እናቴ ፊቴ ላይ አጎንብሳ፣ ያዛት ያለችውን መንፈስ «ማን ነህ? ከየት መጣህ?» ብላ ጠየቀችው።

እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። መንፈሱ ከየት እንደመጣ ተጠየቀ። እኔን የጠየቀኝ የለም።

ዲማ ገዳም፣ ጠበል ሊወስዱኝ ተስማሙ። መኪና ተፈለገ። ጠበልን አልነቅፍም፤ ድኜ ከተነሣሁ በኋላ እኔም ሄጃለሁ። ያን ቀን ግን መንገዱን አልችለውም ነበር። ጩኸቱን ሰምታ እትዬ ዘሃራ ገባች። ነጠላዋን እንኳ በወጉ አልለበሰችም። እናቴን «እህቴ፣ መጀመሪያ ሐኪም ይያት፤ ጠበሉ የትም አይሄድም» አለቻት። እናቴ እምቢ አለች። እትዬ ዘሃራ ባጃጅ ጠርታ እኔን በክንዷ አቅፋ አስገባችኝ። እናቴ እያለቀሰች ተከትላ ገባች።

ሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል ያለው ሐኪም ያንኑ ጥያቄ ጠየቀ። እናቴም ያንኑ መለሰች። በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ሁኔታ። ልጇ እየሞተች ከዓይን ትደብቃታለች። ሐኪሙ ሊጽፍ ሲል እትዬ ዘሃራ «ዶክተር፣ ውሸት ነው» አለች። «ልጅቱ ታንዛኒያ ነበረች። ከዚያም ወዲያ ሄዳለች። ሐይቅ ዳር አድሬያለሁ ብላ ራሷ ነግራኛለች።»

ሐኪሙ ወዲያው ደሜን ወደ ላብራቶሪ ላከው። ውጤቱ ሲመጣ ለሁለቱ የነገራቸውን በኋላ ለእኔም ደግሞልኛል፤ «ፋልሲፓረም ወባ ነው፤ ከሁሉ የሚከፋው ዓይነት። ወደ አንጎሏ ወጥቷል፤ ሴሬብራል ማላሪያ እንለዋለን። ኩላሊቷም እየደከመ ነው። መድኃኒቱ አለ፤ ግን በጣም ዘግይታችኋል።» አርቴሱኔት በደም ሥሬ ገባ።

ዳንኩ። መዳን ግን እንደሚወራው አንድ ቀን ብድግ ማለት አይደለም፤ ኩላሊቴ ያለ ዲያሊሲስ ቀስ በቀስ ሥራውን ሲጀምር፣ የዓይኔ ቢጫነት ሲጠፋ፣ በእናቴ ትከሻ ተደግፌ ከአልጋ እስከ መስኮት፣ ኋላም ቤት ገብቼ ከደጃፉ እስከ ባሕር ዛፉ አጥር ድረስ ስሄድ ብዙ ጊዜ አለፈ። እናቴ አጥሚት በማንኪያ አብልታኛለች፣ አንሶላዬን በእጇ አጥባለች፣ እግሬ ሥር ኩርምት ብላ አድራለች፤ ይህን የማልጽፍ ከሆነ ውሸታም ነኝ። ጠያቂው ደግሞ ቤቱን ሞልቶት ሰነበተ። አንዳንዱ ብርቱካን ይዞ፣ አንዳንዱ ምክር ይዞ፣ አንዳንዷ ደግሞ ከንፈሯን እየመጠጠች «አይ፣ ብቻሽን ባትሄጅ ኖሮ» ልትል። ወሬው ወጥቷልና አሁን ሁሉም ያውቃል። እኔ ዓይኔን በር ላይ ጥዬ የምጠብቃት ሰው ግን አልመጣችም።

«እትዬ ዘሃራ ምነው ቀረች?» አልኳት እናቴን።

«እሷማ ከእንግዲህ ደጄን አትረግጥም» አለች። «የሷ ዓይን ነው የጣለሽ። ጨርቁን ስትሰጫት ያየሁት እኔ ነኝ። አገሩን ሁሉ ስትነግሪያት የሰማሁ እኔ ነኝ። ነግሬሽ ነበር።»

ያን ጊዜ የተናገርኩትን እዚህ አልጽፈውም። ለእናት የሚባል አይደለም። ወባን ትንኝ እንደምታመጣው፣ እትዬ ዘሃራ አፏን ባትከፍት ኖሮ ዛሬ መቃብሬ ላይ ታለቅስ እንደነበር ነገርኳት። ጮህኩባት። እናቴ «አሁንም ትኩሳቱ አልለቀቀሽም» ብላ ግንባሬን ዳሰሰች።

ትምህርት ቤት ስመለስ ሌላው ዕዳ ታየ። ተማሪዎች ይጠይቃሉ፤ አፋቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ። ሁለቱም ጆሮዎቼ ቀንሰዋል፤ ግራው ይብሳል። የጆሮ ሐኪሙ መርምሮኝ «ከበሽታው ሊሆን ይችላል፤ ኩላሊትሽ ደክሞ ሳለ ከተወጋሽው ጄንታማይሲንም ሊሆን ይችላል። አሁን መለየት አይቻልም። የሚመለስም አይመስለኝም» አለኝ። አሁን ሳስተምር በዴስኮቹ መሐል እየዞርኩ ነው። ልጆቹ ደጎች ናቸው፤ ድምፃቸውን ከፍ ያደርጉልኛል። አንዳንዴ ግን እኔ ሳልሰማ ክፍሉ በሙሉ ይስቃል። በምን እንደሳቁ አልጠይቅም።

እንግዲህ ምክሬ ይኸው። ከቆላ አገር ወይም ከውጭ ከተመለሳችሁ በኋላ ትኩሳት ከያዛችሁ፣ ደጋ ብትኖሩም፣ የመጣችሁበትን አገር ስም በገዛ አፋችሁ ለሐኪሙ ንገሩ። ባይጠይቃችሁም ንገሩ። የደም ምርመራ አድርጉልኝ በሉ። መከላከያ ኪኒን ከጀመራችሁ በታዘዘላችሁ ልክ ጨርሱት፤ እንደኔ ተናዳችሁ አትተዉት። አስታማሚዎቻችሁን ውደዷቸው፤ አፋችሁን ግን አትስጧቸው። ራሳችሁ መናገር እንደማትችሉ ከተሰማችሁ ደግሞ እውነቱን ለሚደፍር ሰው አስቀድማችሁ ንገሩ።

ሐኪሞቼን አመሰግናለሁ። እናቴንም ላስታመመችኝ አመሰግናለሁ። እትዬ ዘሃራን ለማመስገን ደግሞ ቆሜ መሄድ ስችል ሱቋ ሄድኩ። ጣቃዎቹን ታጥፋለች። ልናገር ስጀምር እንባዬ ቀደመኝ። እጄን ይዛ ወንበር ሰጠችኝ፤ ከጎረቤትነታቸው ዘመን አንድም ክፉ ቃል አላነሣችም። እናቴን እንደተጣላኋት ስነግራት ራሷን ነቀነቀች።

«ተያት፣ ልጄ» አለችኝ። «እኔን ትጥላ። እኔን ካልጠላች ራሷን ነው የምትጠላው፤ ያን ደግሞ አትችለውም።»

አሁንም በሁለቱ ቤቶች መካከል ሰላምታ የለም። እትዬ ዘሃራ እናቴ መንገድ ላይ ስታልፍ ሱቋ ውስጥ ገባ ትላለች፤ እንዳታሳፍራት። ለማንም እንዳልናገርም አደራ ብላኛለች። እኔ ግን የሷን ያህል ደግ አይደለሁም። ጻፍኩት። እናቴ ማንበብ አትችልም፤ ይህን አንብቦ የሚነግራት ጎረቤት ግን አይጠፋም። ይንገራት።