ከድር ጫፍ የተረፈ ክር

ካፒታሊዝም በመርከብ ተጭኖ ከፈረንጅ አገር መጣ የሚል መጽሐፍ አነበብኩ። ፊደል የቆጠርኩት ልጅ ከወለድኩ በኋላ ስለሆነ ያነበብኩትን ሁሉ ቶሎ አላምንም። እኔ ያየሁት እዚሁ ከተማ፣ ሲቀላ በሚባለው ሰፈር ነው፤ ነጠላ ለብሶ።

ዶርዜ እያለን እናቴ ከቆላ የመጣ ጥጥ ትፈትላለች፣ አባቴ ይሸምናል፣ ጋቢውን ራሱ ተሸክሞ ገበያ ይወጣል። የገረሴ ገበያ ካልቀናው ሌላ ገበያ አለ። ዋጋው ካልጣመው ይዞት ይመለሳል፤ የሚቆጣው የለም።

እኔና ታላቅ ወንድሜ ከተማ ስንወርድ ክር መግዣ አልነበረንም። ሲቀላ ሱቅ ያላት አንዲት ነጋዴ ጓሮዋ ውስጥ ቦታ ሰጠችን። ክሩን እሷ ታመጣለች፣ እኛ እንሸምናለን፣ እሷ ትሸጣለች።

«የእጃችሁን እከፍላለሁ፤ ትርፉን እንካፈላለን» አለችን።

አማርኛችን ያኔ የገበያ አማርኛ ነው። ለሸማኔ ትርፍ ማለት ጋቢው ተቆርጦ ሲወርድ ከድሩ ጫፍ የሚቀረው ክር ነው። ያንን እየለቀምን ለሁለት እንከፍል ነበር። ወንድሜ የኛን ድርሻ እየቀጣጠለ የራሱን ጋቢ ሊሠራ፣ እሱን ሸጦ ክር ሊገዛ፣ ከሰው ጓሮ ሊወጣ ነበር ሐሳቡ።

ክረምት ሲገባ የእሷን ድርሻ የክር እስር ይዞ ሱቋ ሄደ፤ እኔም ተከተልኩት።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?»

«የእርስዎ ድርሻ ነው፣ እትዬ። ትርፉ።»

እስክታነባ ሳቀች። «አንተ ልጅ፣ እኔ ያልኩህ ከሽያጩ የሚተርፈውን እኮ ነው!»

ወንድሜ አልሳቀም። «እሱንማ መቼ ሰጡን?»

«መቼ ጠየቃችሁኝ? ክር ስትለቅሙ አየሁ፤ ደስ ካላቸው ብዬ ዝም አልኩ።»

«እንግዲያው ይኸው ጠየቅን።»

«አሁንማ ድርሻችሁን ወስዳችኋል» አለች፣ እስሩን እያሳየች። «ክሩ የማን ሆነና?»

ዶርዜ ቢሆን ሽማግሌ ይቀመጥ ነበር። ሲቀላ ማን ይቀመጥልሃል? ሁሉም ሱቁን ይጠብቃል።

ወንድሜ የጀመረውን ጋቢ ጨርሶ አስረከባት፤ ጀምሮ መተው ነውር ነው። ከዚያ መወርወሪያውንና የለቀመውን ክር ይዞ ወደ ደጋ፣ ወደ ዶርዜ ወጣ። በዚያ ክር የሠራው ጋቢ ቋጠሮው የትየለሌ ነበር። ገዢው እየዳሰሰ «ይኼ ጋቢ ነው ወይስ ቂጣ ላይ የፈሰሰ ጤፍ?» ብሎ ቀለደበት። በርካሽ ሸጠው፣ ክር ገዛበት። ዛሬ የሚሸምነው የራሱን ነው።

እኔ ሲቀላ፣ እዚያው ጓሮዋ ቀረሁ፤ የቤት ኪራይ አለብኝ። ነጋዴዋ በስልክ ስታወራ እስከ ዛሬ ወንድሜንም ጨምራ «ሸማኔዎቼ» ትለናለች።