የእማማ አዮርኮር መርሴዲስ

በማጭበርበር የተፈረደበት ላርዬ በወንጀል ያፈራው ንብረት እንዲወረስ ታዘዘ። አንድ ወሬኛ ጠቋሚ ደግሞ «አክራ ዳር፣ ቴሺ፣ አክስቱ ግቢ መርሴዲስ ደብቋል» ብሎ ነበር። መርማሪ ፖሊስ መጣ፤ ዓሣ በጭስ እያደረቁ የሚሸጡት አክስቱ፣ እማማ አዮርኮር፣ ሸራውን ሲገልጡለት ግን መርሴዲስ ተደርጎ የተሠራ የሬሳ ሣጥን!

«እንደ አገራችን ልማድ ለራሴ መቀበሪያ ያሠራሁት ነው! ደግሞ ላርዬ ታሰረ እንጂ ምላሱ አልተቆረጠም፤ ሳትሰሙት ልትወርሱ ነው?»

«ትዕዛዙ መርሴዲስ ይላል፣ እማማ» ብሎ መርማሪው ጭነት መኪና ላይ አስጫነው።

ሬሳ በጭፈራ የሚሸኘው የቴሺ ሰው የሬሳ ሣጥን አይቶ መቼ እግሩ ያርፋል? ከበሮው ተደለቀ፤ እማማ ከፊት እየጨፈሩ መንደሩ ግልብጥ ብሎ ፖሊስ ጣቢያ ደረሰ።

አዛዡ ቆቡን አውልቆ ሮጦ ወጣ። «ነፍስ ይማር! ማን ነው የሞተው?»

«ትዕዛዛችሁ!» አሉ እማማ።