ፋሻውን አትክፈቱ

ያኔ ሀርጌሳ ከፍርስራሿ እየተነሳች ነበር። ባሌ ግንበኛ ነው፣ ሥራ ሞልቶለታል። አንድ ቀን ድንጋይ እግሩ ላይ ወደቀበት፤ ቁስሉ አመረቀዘና አልድን አለ።

እንዴት ይዳን! በሰፈራችን በጅግጅጋ ያር በሽተኛ ሊጠይቅ የሚመጣ ሰው ባዶ እጁን አይመጣም፤ ከራሱ የተረፈችውን አንቲባዮቲክ እንክብል በወረቀት ጠቅልሎ ይመጣል። "እኔን አሽሮኛል፣ ይቺን ዋጣት።" ባሌም የሰጡትን ሁሉ ዋጠ፤ ከዚህ ሁለት፣ ከዚያ አንድ። ሐኪሙ የምርመራውን ውጤት አይቶ "ጀርሙ መድኃኒቱን ሁሉ ለምዶታል፤ እንዲህ ከቀጠለ እግሩ ይቆረጣል" አለኝ። ሱብሃነላህ! አንድ እግር ያለው ግንበኛ የት መሰላል ሊወጣ?

ሐኪሙ ግን ከውጭ ያመጣው ፋሻ ነበረው። ናኖ ይሉታል፤ ዓይን የማያየው የብር ብናኝ አለበት፣ ጀርሙን የሚገድለው እሱ ነው። "እኔ ራሴ እስክፈታው ማንም እንዳይነካው" ብሎ አሰረለት።

ብር አለበት መባሉ በሰፈር ተሰማ። የመጣው ሁሉ "እስቲ ብሩን እንየው" ይላል። ዓይን አያየውም እላለሁ፤ ማን ሰምቶኝ! ሻይ ላፈላ ጓዳ ስገባ ባሌ ሆዬ ፋሻውን ገልጦ እንደ ጥሎሽ ያሳያቸዋል፤ ሲወጡ መልሶ ያስረዋል። ቁስሉ ባሰበት።

ሐኪሙ ጮኸብን። "የቀረችኝ አንዲት ናት። ይቺን ካበላሻችሁ መጋዙን ነው የማነሳው።"

ከዚያ ወዲያ በርጩማዬን በሩ ላይ አድርጌ ቁጭ አልኩ። ጠያቂ መመለስ ነውር ነው፣ አውቃለሁ። መለስኳቸዋ! ስንቱ ሰደበኝ። በመጨረሻ ታላቅ እህቱ ድንበር ተሻግረው ከጅግጅጋ ከተማ አቧራ ለብሰው መጡ፤ በመሐረባቸው እንክብል ቋጥረዋል።

"ወንድሜን ልየው።"

"እትዬ፣ እባክዎ ከዚሁ ሆነው ዱዓ ያድርጉለት።"

እያለቀሱ ዱዓ አደረጉ፣ ሄዱም። ዳግመኛ ደጄን አልረገጡም።

ሐኪሙ ፋሻውን ሲፈታው ሽታው ጠፍቷል፣ ሥጋው ቀልቷል። አልሐምዱሊላህ፣ እግሩ ተረፈ።

ከዓመታት በኋላ እህቱ ሞቱ። ባሌ ጅግጅጋ ሄዶ ቃሬዛቸውን ከተሸከሙት ጋር ተሸክሞ፣ ቀብሮ ተመለሰ። ደጅ ላይ ውሃ አቀረብኩለት።

"ያን ቀን ብታስገቢያት ምን ነበረበት?" አለኝ፣ ሁለቱን እግሮቹን እየታጠበ።