ከብስክሌት ወርዶ ሰላም ማለት

ሀዋሳ ሜዳ ናት ይላሉ። አይደለችም። ይህን የሚሉት በባጃጅ የሚሄዱ ሰዎች ናቸው። ወደ ቱላ የሚወስደው መንገድ ሚኒባስ ውስጥ ለተቀመጠ ሰው ጠረጴዛ ነው፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ብስክሌት ላይ ለወጣ ባለ ቦርጭ ግን ዳገቱ አያልቅም።

ብስክሌቱን የገዛሁት በታላቅ እህቴ ምክንያት ነው። ቱላ ነበር የምትኖረው፤ ቤቷን ለቅቃ አዲስ አበባ ልጇ ዘንድ ልትገባ ተሰናድታ ነበር። ሳትሄድ በብስክሌት እንደምመጣ በስልክ ነገርኳት።

«አንተ? በዚያ ቦርጭ?»

«እትዬ፣ ታያለሽ።»

«ቶሎ በላ! አዲስ አበባ ከገባሁ በብስክሌት አትደርስብኝም።»

ብስክሌት ያስተማረችኝ እሷ ናት። በልጅነታችን ከኋላዋ አስቀምጣ ትምህርት ቤት ታደርሰኝ ነበር። ያኔ የሀዋሳ ጠዋት የሚነጋው በብስክሌት ደወል ነው፤ ዛሬ ባጃጅ በጥሩንባ ይቀሰቅሰንና ሥልጣኔ እንለዋለን። እህቴ ያኔ ቀሚሷን ሰብስባ እንደ ነፋስ ትነዳለች፤ ትልቅ ሰው ካየች ግን ትወርዳለች። ጎንበስ ብላ ቤተሰቡን አንድ በአንድ ትጠይቃለች።

«ረፈደብን!» እላለሁ ከኋላ።

«ትልቅ ሰው ቆሞ አንተ ተቀምጠህ ሰላም አይባልም። ውረድ!»

አሁን ብስክሌቱን ስገዛ ይህን ረስቼ ስለ ትንፋሽና ስለ ጡንቻ የማገኘውን ሁሉ አነበብኩ። ሳያቋርጡ መንዳት ነው ጉልበት የሚያመጣው ይላል ሁሉም። ስለዚህ ሰው እንዳያየኝ ማለዳ ወጣሁ፤ የሚያውቁኝን ሁሉ አንገቴን ደፍቼ አለፍኳቸው። ዳገቱ ላይ እግሬ እምቢ አለ። ብስክሌቴን ባጃጅ ላይ አስጭኜ ስመለስ ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝ።

«ጋሼ፣ የተበላሸው ብስክሌቱ ነው ወይስ እርስዎ?»

እህቴ የምትሄድበት ቀን ሲቃረብ ረፋድ ላይ እንደገና ተነሣሁ። በዚያ ሰዓት ከሰው ማምለጥ የለም። ገና ከሰፈሬ ሳልወጣ ከለቅሶ የሚመለሱ ጎረቤቶች አገኘሁ፤ ወረድኩ። ቀጥሎ የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ስለ ጡረታው አማረረልኝ፤ ወርጄ ሰማሁት። ዳገቱ መሐል፣ እግሬ ሊከዳኝ ሲል፣ ዛፍ ሥር የተቀመጡ ሽማግሌ እጃቸውን አነሡልኝ። ወረድኩ። በሲዳሙ አፎ፣ በሲዳማ ቋንቋ፣ ስለ ጤናዬ፣ ስለ ቤቴ፣ ስለ ከብቶቼ ጠየቁኝ። ከብት የለኝም፤ ቢሆንም ደህና ናቸው አልኳቸው። እሳቸው ጥያቄያቸውን ሲጨርሱ ትንፋሼ ተመልሶ ነበር። የቀረውን ዳገት ዘለቅሁት።

እህቴ ከታሰሩት ሻንጣዎች አጠገብ፣ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር።

«ዘገየህ» አለች።

«ሰላም ስል ነዋ።»

ሳቀች። የነዳሁትን መንገድ አልጠየቀችኝም፤ ማንን ማንን እንዳገኘሁ ነው የጠየቀችኝ። ስነግራት የብስክሌቴን ደወል ደጋግማ ትመታ ነበር፣ ልክ እንደ ድሮዋ።

እሷ ከሄደች በኋላም መንዳት አልተውኩም። እየራቅሁ ነው፤ አንዳንዴ ከቱላም አልፋለሁ። የሚያስቸግረኝ ዳገቱ ሳይሆን የእናንተ የሀዋሳ ሰዎች ጨዋነት ነው። ብስክሌት ላይ ስታዩኝ «ስፖርት ላይ ነው፣ አንረብሸው» ትላላችሁ፤ ሰምቻችኋለሁ። ተዉት ይህን። አስቁሙኝ፤ ስለ ከብቶቼም ጠይቁኝ።