መዝጊያ የሌለው ዱዓ

ልጄ አዲስ አበባ አራት ዓመት ሥዕል ተምራ ስትመለስ ቀለምም ብሩሽም አልያዘችም። የያዘችው ካሜራ ነው። ግቢያችን ካለው ዛፍ ሥር አስቀመጠችኝና፣

«አባ፣ እንደ ሁልጊዜህ ዱዓ አድርግ፤ ልቅረጽህ» አለችኝ።

መርቅ ሲሉኝ እምቢ አላውቅም። በሰፈራችን ሠርግ ሲሆን፣ ልጅ ሲወለድ፣ ሰው መንገድ ሲወጣ የሚጠሩት እኔን ነው። ለዝናቡ፣ ለጨፋ ሜዳ ማሽላ፣ ለከብቱ፣ ለመንገደኛው፣ ለሁሉም ዱዓ አደረግሁ። መጨረሻ ላይ እንደ ደንቡ በፋቲሃ ዘግቼ በመዳፌ ፊቴን አበስኩና ተነሣሁ። ምን ልታደርገው እንደሆነም አልጠየቅኋት።

ለካ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር ኤግዚቢሽን ሊያሳዩ ኖሯል። ጓደኞቿ መጀመሪያ አዲስ አበባ ይታይ ባዮች ነበሩ። በተለይ አንዱ ረጅም ልጅ «ከሚሴ ማን ያይልናል?» ብሏት ነበር። እሷ ደግሞ «የኔ አገር ሰው ይመጣል፤ የአራታችንንም ሥራ አይቶ ነው የሚሄደው» ብላ ቃል ገባች። በዚህ ቃሏ ዕቃቸውን በአይሱዙ ጭነው መጡ። እኔም ያን ሰሞን ሰግጄ ስነሣ የምለምነው ይህንኑ ነበር፤ ያ ረቢ፣ ልጄን በጓደኞቿ ፊት አታሳፍራት።

ቦታው ከገበያው ጀርባ ያለ፣ እህል ካልገባበት ብዙ ዘመን የሆነው መጋዘን ነው። በጆንያ መጋረጃ አራት ክፍል አደረጉት። በአንዱ ጫፍ ይገባል፣ አራቱን አልፎ በሌላው ጫፍ ይወጣል። የልጄ የመጀመሪያው ክፍል ነው። መሬቱ ላይ ሰሌን ተነጥፏል፤ ግድግዳው ላይ እኔ፣ ያውም እንደ በሬ ገዝፌ፣ እጄን ዘርግቼ እመርቃለሁ። ቀጥሎ የአሮጌ መኪና መስታወቶች ከጣሪያ ተንጠልጥለው የሚዞሩበት አለ። ከዚያ የደሴን መንገድ የሚያሳዩ አሮጌ ቴሌቪዥኖች። መጨረሻው የረጅሙ ልጅ ነው፤ ቢጫ ጀሪካኖች ወለሉ ላይ ተበትነው በየሆዳቸው የውኃ ድምፅ ያሰማሉ። ልጄ ይህ ኢንስታሌሽን እንደሚባል አስረዳችኝ። ዕቃውማ እኛም ቤት አለ፤ አቀማመጡ ነው ጥበቡ።

በገበያ ቀን ከፈቱት። ሰው መጣ ብል ያንሳል፤ ጎረፈ። ከበሬ ተራ፣ ከቅቤ ተራ፣ ባጃጁን አቁሞም የገባ አለ። ሰሌኑን ሲያዩ ማንም ሳይነግራቸው ጫማቸውን በር ላይ አወለቁ። ገብተው ተቀመጡ፣ መዳፋቸውን ዘረጉ፣ «አሚን! አሚን!» ማለት ጀመሩ። ልጄ በደስታ የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት።

ቆየት ብሎ ነው ነገሩ የገባኝ። የገባ ሰው አይወጣም። በር ላይ ጫማው ተከመረ፣ ከውጭ ሰልፉ ረዘመ፣ ሦስቱ ክፍሎች ግን ባዶ ናቸው። ባለ መስታወቱ ልጅ ከራሱ መስታወት ጋር ተፋጦ ቆሟል። ረጅሙ ልጅ ጀሪካኖቹ መሐል ተቀምጦ፣

«እንዳልኩት ነው። እኛን ማን ሊያየን!» ይላል።

ልጄን ጎተት አድርጌ፣ «ፋቲሃው የት ገባ?» አልኳት።

«ቆረጥኩት፣ አባ። ምርቃት ማለቂያ የለውም ለማለት ነው። ሲያልቅ ራሱ ተመልሶ ይጀምራል።»

ሐሳቡስ ያምራል። ግን ዱዓ ሳይዘጋ፣ ፊት ሳይታበስ፣ በኛ አገር ማን እጁን ያወርዳል? ማንስ ጥሎ ይነሣል? ምርቃቱን መሬት ላይ መድፋት አይደል! ይህን ልጅ ሆና በጉልበቴ ሥር ተቀምጣ ያየችው ነበር፤ ከሥራው ፍቅር የተነሣ ዘነጋችው።

ባለ ቴሌቪዥኑ ልጅ የኔን ምስል ሶኬት ሊነቅል ጎንበስ ሲል ከየማዕዘኑ «አስተግፊሩላህ! በዱዓ መሐል?» ብለው ጮሁበት። ደንግጦ ተመለሰ። የልጄ ዓይን እንባ አቀረረ።

«አባ፣ ምን ይሻላል? እኔ ነኝ አምጥቼ ያዋረድኳቸው።»

«አብሽሪ» አልኳት። ግን እጄን ባስገባ ሥራዋን እንዳላበላሽባት ፈራሁ።

ወደ ውስጥ ስገባ በሰንበቴ ገበያ ከብት የሚደልለው ጓደኛዬ መሐል ላይ ተቀምጧል። እጁ እንደተዘረጋ ነው።

«አንተ!» አለኝ በሹክሹክታ፤ «ጨርስልና! እጄ ደነዘዘ። በሬዎቼን ለሰው አደራ ሰጥቼ ነው የመጣሁት።»

«እኔ ምን አደረግሁ? ዝም ብዬ ቆሜያለሁ።»

«ግድግዳው ላይ ያለኸው አልሰማ ስላለኝ ነዋ አንተን የምለምነው!»

ሰው ሳቀ። ያን ጊዜ ልቤ ተከፈተ። ዱዓውን የጀመርኩት እኔ ነኝ፣ መዝጋትም የኔ ነው። ከምስሌ ፊት ተቀመጥኩና እጄን ዘረጋሁ።

«ለሰማችሁበት ጆሮ፣ ለቆያችሁበት ጊዜ አላህ ምንዳውን ይክፈላችሁ። ጥላችሁት የመጣችሁት ገበያ ይጠብቃችሁ። እነዚህ ልጆች ከሩቅ ነው የመጡት፣ ልፋታቸውን ከንቱ አያስቀርባቸው። አሚን በሉ።»

«አሚን!»

«ፋቲሃ።»

ፊቴን አበስኩ። ቤቱ ሙሉ ሰው ፊቱን አበሰ፤ እፎይታው እንደ ነፋስ ነበር። «ከኣ!» አልኳቸው በኦሮምኛ፤ «ተነሡ እንግዲህ! ወደ ውስጥ እለፉ። የነዚያም ልጆች ሥራ ሳይታይ እንዳትወጡ።»

አንዲት ቅቤ ሻጭ ወደ ግድግዳው እያየች፣ «አባባ፣ እርስዎ እኮ ገና እየመረቁ ነው» አለች።

«እሱን ተይው። ሌላ ሥራ የለውም።»

ሰዉ አለፈ። ሴቶቹ በየመስታወቱ ሻሻቸውን አስተካከሉ። ጓደኛዬ ቴሌቪዥን ውስጥ መንገድ የሚያቋርጥ በሬ አይቶ፣ በሬው ተመልሶ በመጣ ቁጥር ዋጋ ቆረጠለት። እኔ ግን ከሰሌኑ አልተነሣሁም። አዲስ ሰው ሲሞላ እዘጋለሁ፣ እሸኛለሁ፤ ደግሞ ይሞላል። የቀትሩን ዙህር ሰግጄ ተመልሼ ቀጠልኩ።

ወደ ዓሥር ሰዓት ላይ ከመጨረሻው ክፍል ጫጫታ ሰምተን ከልጄ ጋር ሮጥን። የቦኖ ውኃ ቀጂ ሴቶች የተበተኑትን ጀሪካኖች ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በሰልፍ አቁመዋቸዋል። ረጅሙ ልጅ እጁን ራሱ ላይ ጭኗል።

«እናንተ፣ ሥራዬ እኮ ነው!»

«ታዲያ ሥራህ ወረፋ የለውም?» አለችው አንዷ። «ውኃው እየጮኸ ጀሪካን ተበትኖ ይተዋል? ደም ሊያፋስስ! በል አንተም ከኋላ ቁም።»

ልጁ ሴቶቹን አየ፣ ሰልፉን አየ፣ ከበሩ የሚገፋውን ሰው አየ። ከዚያ ሳቁ አመለጠው። ሄዶም ከመጨረሻው ጀሪካን ኋላ ቆመ።

«አዲስ አበባ ስናሳይም ጀሪካኖቹን እንዲሁ በሰልፍ ነው የማቆማቸው» አላት ልጄን። «አሁን እባክሽ ሄደሽ ሰው ቀንሺልን፤ መተንፈሻ አጣን።»