አይጥ የበላችው ቃል

ምን አለሽ ተራ ውስጥ በርሜል ቀድጄ የከሰል ምድጃ እሠራለሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በግሌ አንብቤ ነው የተፈተንኩት። የግሪክን ፊደል የለየሁት ደግሞ ከአሮጌ ወረቀት ጋር በኪሎ ከመጣ፣ ሽፋን ከሌለው መጽሐፍ ላይ ነው። በኋላ ዩኒቨርሲቲ በቅዳሜና እሁድ መርሐ ግብር ስገባ የግሪክ ቋንቋ ታሪካዊ ዕድገት የሚባል ትምህርት እንዳለ አየሁና ተመዘገብኩ። አጠገቤ የሚሠሩት ብረት ቀጥቃጮች ሳቁብኝ። አንዱ ጣሊያንኛ ብማር ቢያንስ ጋራዥ እንደሚቀጥረኝ ነገረኝ። ከዚያ ወዲህ «ግሪኩ» ሆኜ ቀረሁ።

ትምህርቱ ከባድ ነበር። በድንጋይ ላይ ከተቀረጸው ጥንታዊ ጽሑፍ ተነሥተን፣ የግእዝ ተርጓሚዎች ፊታቸው ዘርግተውት በነበረው በቅዱሳት መጻሕፍት ግሪክኛ አልፈን፣ ዛሬ የሚነገረው ላይ እንደርሳለን። አንድ ቃል በየዘመኑ ድምፁ ሲለሳለስና ጫፉ ሲረግፍ በደብተሬ ላይ በአራት ዓምድ ከፍዬ እጽፈው ነበር። መምህራችን ሸምገል ያሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ናቸው። አጥብቀው ያስተማሩን አንድ ልማድ አለ። ድንጋዩ የተሰበረበትን ወይም ወረቀቱ የተበላበትን ቦታ በግምት ስንሞላ፣ የሞላነውን በማዕዘን ቅንፍ እናጥራለን። ከቅንፉ ውጭ ያለው የጸሐፊው ነው፤ ውስጥ ያለው የእኛ።

«ግሪኩ» የሚለው ስም መሳለሚያ ድረስ ተሰምቶ ኖሮ፣ አንድ ቀን እዚያ ክርና መርፌ የሚሸጡ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴት እኔ ዘንድ መጡ። እትዬ ነበር የምላቸው። አባታቸው የጨርቅ ሱቅ የነበረው ግሪካዊ ነው። እሳቸው ትንሽ ልጅ ሳሉ ወደ አገሩ ሄዶ በዚያው ቀረ። የሰፈሩ ሰው እናታቸውን የሰውየው ገረድ ነበረች ይላል። በልጅነታቸው በዚህ ተሰድበዋል፤ ሲያገቡም የባላቸው ዘመዶች ይህንኑ አንሥተውባቸዋል። አሁን እናታቸው የተቀበሩበት ቤተ ክርስቲያን ቦታውን ስለፈለገው ዐፅማቸው ወደ ፉካ ሊዛወር ነው። ፉካው ላይ የሚለጠፍ የናስ ሰሌዳ እንድሠራላቸው ፈለጉ። ከእናታቸው ስም ሥር «የእገሌ ባለቤት» ብለው ማጻፍ ይመኛሉ፤ ግን እርግጠኛ አይደሉም። ከእናታቸው ሣጥን ያገኙትን፣ አባታቸው ለወንድሙ ጽፎ ሳይልከው የቀረውን ደብዳቤ ከፌስታል ውስጥ አወጡ።

ለማንበብ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። የተጻፈው በዘመኑ ግሪክኛ ነው። እኔ የለመድኩት የጥንቱን ስለሆነ እያንዳንዱን ቃል ወደ ኋላ እየጎተትኩ ከአያቱ ጋር አስተያየው ነበር። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጥርስ ሕመሙ፣ በመንገድ ስለዘገየ ጨርቅ ይጽፋል። ወደ ታች ወረድ ብሎ፣ «አጠገቤ ተቀምጣ ሰላም በልልኝ የምትለው የእኔ» ካለ በኋላ ወረቀቱን አይጥ በልታዋለች። ሴት መሆኗ ከአጻጻፉ ይታወቃል። ምኑ እንደሆነች ግን የለም። በደብተሬ ላይ ቅንፍ ከፈትኩ፤ «ሚስት» ብዬ ጻፍኩና ዘጋሁት።

እትዬ ሲመጡ ደብተሩን አላሳየኋቸውም። በቃል ነው ያነበብኩላቸው፤ በአፍ ሲነበብ ደግሞ ቅንፍ የለም። «አጠገቤ ተቀምጣ ሰላም በልልኝ የምትለው የእኔ ሚስት» አልኩ፤ ቃሉ ላይ ስደርስ ድምፄ እንኳ አልተለወጠም። ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ቆይተው እንድደግምላቸው ጠየቁኝ፤ ደገምኩላቸው።

በቀጣዩ ቅዳሜ የገለበጥኩትን ለመምህሩ አሳየሁ። ኮርቼበት ነበር። ደብዳቤውን በስልኬ ካነሣሁት ፎቶ ጋር እያስተያዩ አነበቡት። ግምቱን አልነቀፉም፤ እኅት፣ ልጅ ወይም ሠራተኛ የሚለውም እዚያው ሊገባ እንደሚችል ብቻ ተናገሩ። ቅንፉን ባለመርሳቴ አመሰገኑኝ። ከዚያ የደብዳቤው ባለቤት ቅንፉን አይተውት እንደሆነ ጠየቁኝ። ደብተሬን ዘግተው መለሱልኝ።

ሰኞ ጠዋት መሳለሚያ ሄድኩ። እትዬ ለደንበኛ ክር እየመረጡ ስለነበር እስኪጨርሱ ቆምኩ። ከጎናቸው ዚፕ የሚሸጠው ሰውዬ ሲያየኝ ፈገግ አለ።

«ግሪኩ መጣ። እትዬ፣ የእናትዎን ሰርግ መቼ ነው የምንበላው?»

እሳቸውም ሳቁ። ሲስቁ ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ደብዳቤውን እንዲያወጡ ለመንኳቸውና የተበላውን ቦታ በጣቴ አሳየኋቸው።

«ሚስት የሚለው ቃል እዚህ የለም፣ እትዬ። የጨመርኩት እኔ ነኝ።»

ወረቀቱን ወደ ብርሃን አነሡት። በቀዳዳው በኩል የሚያልፈው ሰው ይታያል።

«ታዲያ ምን ይል ነበር?»

«አላውቅም። ሠራተኛዬ ሊል ይችላል። ልጄም ሊል ይችላል።»

«ልጄ ካለ እኔ ነኛ።»

«እሱንም አላውቅም።»

ዚፕ ሻጩ ጀርባውን ሰጥቶን ዕቃውን መደርደር ጀመረ። እትዬ ደብዳቤውን በቀድሞ እጥፋቱ አጠፉት።

«ሳላውቅ መኖሩን ለምጄው ነበር» አሉ። «ለምን አስረሳኸኝ?»

ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ለሚቀጥለው ደንበኛ ወደ ክሩ ዞሩ።

ሁለት ሳምንት ጠፉ። ሌላ ሰው ዘንድ አሠርተውት ይሆናል ብዬ ነበር። ዐፅሙ ሊነሣ ጥቂት ቀን ሲቀረው ግን መጡ። በርጩማ ብሰጣቸውም አልተቀመጡም።

«ያልታየ ነገር አይጻፍባት» አሉኝ። «እኔን ወልዳለች፤ ይኼ ታይቷል። የእኔ እናት ብለህ ጻፍ።»

ናሱን ለካሁ። የእናታቸውን ስም፣ ከሥሩም የእሳቸውን ስም አስገብቼ «እናት» የሚለውን በእርሳስ ነደፍኩና ፊደል በፊደል አሳየኋቸው። በእያንዳንዱ ላይ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ በመሮ ቀረጽኩት። እስክጨርስ ቆመው ጠበቁ። ሰሌዳውን በነጠላቸው ጫፍ ወለወሉት፤ በአውራ ጣታቸው ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው አንድ ጊዜ ሄዱበት።

ደብዳቤውን ሙሉውን ከነቅንፉ በንጹሕ ወረቀት ገልብጬላቸው ስለነበር ሰጠኋቸው። ሳያነቡት ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። በዚያው ሳምንት ዐፅሙ ፉካ ገባ። አልጠሩኝም፤ እንዲጠሩኝም አልጠበቅኩም።