ባባ የጠረዙት መዝገብ

ባለፈው ሰኔ የትምህርት ቤታችንን የመጻሕፍት ቁም ሣጥን እንዳስተካክል ታዝዤ በሩን ስከፍተው፣ እርጥብ ኖራ፣ ያረጀ ቆዳና የዱቄት ሙጫ ተደባልቀው የሚሸቱት ያ ሽታ ፊቴ ላይ መጣና ቁልፉን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ሽታው የባባ ነው፤ የአያቴ። ሌላ ሰው ቢሆን አያቱን አስታውሶ እንባው ይመጣ ይሆናል፤ የእኔ ግን የመጣው ንዴቴ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ ተኝቶ የከረመ ንዴት፣ ትናንት የሆነ ያህል ጆሮዬን አጋለው።

ቤታችን በግንብ በታጠረው አሮጌ ከተማ፣ ጁገል ውስጥ፣ ከፈላና በር ገባ ብሎ ከሚገኙት ጠባብ መንገዶች በአንዱ ነበር። አባቴ ለንግድ ድሬዳዋ ስለሚሰነብት የቤቱ ትልቅ ሰው ባባ ነበሩ። ሥራቸው መጽሐፍ መጠረዝ ነው። ቀይ አፈር በተቀባው መደብ ላይ ተቀምጠው፣ የተበታተነ ቁርኣን ሲመጣላቸው የወረቀት ቅጠሎቹን አሰባስበው፣ በሰም በታሸ ክር ሰፍተው፣ ጀርባውን በዱቄት ሙጫ አጣብቀው፣ የፍየል ቆዳ ያለብሱት ነበር። እኔ ሙጫውን አማስል ነበር። «ዝም ብለሽ አማስይ፣ ሙጫ ወሬ አይወድም» ይሉኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ ዝም ማለት መቼ ይሆንልኛል!

ክረምት ሲገባ ከበሩ ውጭ ያለው ትልቅ ሾላ ግንዱ የዛፍ ሽበት ያበቅል ነበር፤ በዚያ ሽበት ላይ ከሰሊጥ የማይበልጡ፣ ክንፋቸውን እንደ ቤት ክዳን ጀርባቸው ላይ የከደኑ ግራጫ ነፍሳት በመንጋ ተሰማርተው ይግጡ ነበር። በጣቴ ጫፍ መሐላቸውን ስነካ የፖሊስ ፊሽካ እንደሰማ የገበያ ሰው ወዲያና ወዲህ ይበተኑና፣ እጄን ሳነሣ ተመልሰው ይገጥማሉ። በግቢያችን ሮማን ቅጠል ሥር ደግሞ ቢጫዎቹ ከሸረሪት ድር የሳሳ ድር ዘርግተው ይኖሩ ነበር፤ በግንቡ ድንጋዮች መሐል ጥቋቁሮቹ፣ በማሽላው ማስቀመጫ ውስጥ ክንፍ የሌላቸው ነጫጮቹ። ባባ ጥቃቅን ጽሑፍ በሚያዩበት አጉሊ መስታወት አንድ በአንድ ያሳዩኝ ነበር። «አላህ ለየሻጋታው ጠራጊ ፈጥሮለታል» ይሉኛል፤ «አልሐምዱሊላህ በይ፣ እነሱ ባይኖሩ ከተማው ሁሉ ይሻግት ነበር።»

በጋ ሲሆን መጻሕፍቱን ፀሐይ ማሞቅ የሁለታችን ሥራ ነበር። መጻሕፍቱ የሚቀመጡት ከመደቡ በላይ ግድግዳው ውስጥ በተሠራው መደርደሪያ ነው፤ ከዚያ አውርደን ግቢው ውስጥ ነጭ ጨርቅ ላይ ዘርግተን፣ ቅጠሉን በቀስታ ስንገልጥ፣ ከጤፍ ቅንጣት የማይበልጡ ነጫጭ ነፍሳት ከፊደል ወደ ፊደል ይሯሯጡ ነበር። ባባ ገጽ ላይ አንዲት ነፍስ እንኳ አይጨፈልቁም። በዶሮ ላባ ጠርገው መዳፌ ላይ ያደርጓቸውና «ሂጂ፣ ሮማኑ ላይ አውርጃቸው» ይሉኛል። «መጽሐፉን አይበሉም እንዴ?» ብላቸው፣ «እነሱ የሚልሱት ሻጋታውን ነው። እነሱን ስታዪ ቤቱ እንደረጠበ እወቂ፤ መልእክተኛ አይገደልም» አሉኝ። ቅማል የሚመስሉት ሰው ይኖራል፤ እውነተኛውን ቅማልማ አውቀዋለሁ፤ ወንድሜ ራስ ላይ ወጥቶ አይቼዋለሁ። ፀጉር ጨብጦ አይለቅም፣ ደም ጠጥቶ ይጠቁራል። የባባ መጽሐፍ ነፍሳት ግን እንደ ተማሪ ወረቀት ለወረቀት ይሯሯጣሉ እንጂ ሰው ላይ ምንም ሥራ የላቸውም። ይህን በዘጠኝ ዓመቴ አውቅ ነበር። ማን ጠይቆኝ!

በዚያ ዓመት ዐረፋ በበልግ ዝናብ መሐል ዋለ። ለዐረፋ ቤቱ ሁሉ ኖራ ይቀባል፤ መጻሕፍቱም ወርደው ግድግዳው እስኪደርቅ በእናቴ ሣጥን ውስጥ ይሰነብታሉ። ባባ «በእጅሽ ጀርባ ነክተሽ ካልሞቀሽ አትመልሺ» ብለውኝ ነበር። እኔ ግን ለእንግዶች ቤቱ እንዲያምር ቸኩዬ፣ ኖራው ገና እጄን እያቀዘቀዘው፣ በሁለተኛው ቀን ደረደርኳቸው። ጥፋቴ ይህ ነው፤ አልክድም። ወር ሳይሞላ ቆዳው አመድ የመሰለ ሻጋታ ለበሰ፣ ነጫጮቹም ተርመሰመሱበት። አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ወደ ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት፣ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ብቅ ስትል፣ መጻሕፍቱን በጨርቅ ጠቅልዬ ራሴ ላይ ተሸክሜ ወደ ግቢ እየተመላለስኩ አወጣኋቸው። እናቴ ዋዜማውን የጎነጎነችልኝ ሹሩባ ላይ ምን እንደወረደ ማን ልብ ይላል?

ሰኞ ደግሞ የንጽሕና ቀን ነው። ከባንዲራ በኋላ ተሰልፈን እጃችንን ዘርግተን እንቆማለን፤ ከመሀል አገር ተመድቦ የመጣው የክፍላችን መምህር በማስመሪያ ጥፍራችንን እየነካ፣ በማስመሪያው ጫፍ ፀጉራችንን እያነሣ፣ መዝገቡን ይዞ ያልፋል። እኔ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ይኸ ምንድን ነው?»

«የመጽሐፍ ነው፣ መምህር።»

«የምን መጽሐፍ?»

«የአያቴ። ተሸክሜው ነበር፣ ከዚያ ነው የወረዱት። ቅማል አይደሉም።»

ወደ ሰልፉ ዞረ። «ሰማችሁ? የእሷ ቅማል ማንበብ ይችላል!»

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። ከኋላ አንዱ «ስንተኛ ክፍል ደረሰ?» አለ፤ ከፊቴ አንዷ «አንተን አልፎሃል!» አለችው። እውነቱን ልናገርና፣ ሌላ ልጅ ላይ ቢሆን እኔም እስቅ ነበር። መምህሩ ግን ልጅ አልነበረም። መቀስ አስመጥቶ ሹሩባዬን ከሥር ከሥሩ ቆረጠው፤ ቀይ እስክሪብቶውን አውጥቶም ከስሜ ጎን «ቅማል» ብሎ ጻፈ። እኔ ደግሞ ከክፍሉ ቀድሜ ማንበብ የቻልኩት ልጅ፣ ከወዲያ ተገልብጦም ቢሆን አነበብኩት።

ቤት ስደርስ አክስቴ ቀድማ አየችኝ፤ የአባቴ እህት ናት። «ብያችሁ ነበር! ብያችሁ ነበር!» እያለች ደረቷን መታች። «ሴት ልጅ ፊደል ፊደል እያለች መላጣዋን መጣች! ነገ አፎቻው ምን ይላል?» አፎቻ ማለት ለሰርግና ለሐዘን የሚሰባሰቡት ሴቶች ናቸው፤ አክስቴ መላእክት በቀብር ከሚጠይቁት ጥያቄ ይልቅ የአፎቻን ጥያቄ ትፈራለች። እናቴ የራሷን ሻሽ ፈትታ ራሴ ላይ አሰረችልኝ። ባባ ብቻ ጠየቁኝ፦ «የትኞቹ ናቸው የነበሩብሽ?»

«የመጽሐፎቹ፣ ባባ። ኖራው ሳይደርቅ መልሻቸው ነው።»

ወደ አክስቴ ዞሩ። «ነገ አብሬያት እሄዳለሁ። ሰው ይሳሳታል። አይቶ ‹ተሳስቻለሁ› ካለ ልጅቷ ትማራለች። አይቶ ከካደ ግን፣ ወላሂ፣ እውነት ከሚካድበት ቤት ልጄን አልልክም።»

አክስቴ ደረቷን መምታቷን ተወች፤ ትምህርቴ እንዳበቃ ገብቷታል። አንድ መምህር ለእኛ ይቅርታ ሊል!

በማግሥቱ ባባ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው፣ አንድ መጽሐፍ በጨርቅ ጠቅልለው፣ አጉሊ መስታወታቸውን ይዘው፣ በሸዋ በር ወጥተን ሄድን። አማርኛ አይችሉም ነበር፤ እሳቸው በቤታችን ቋንቋ ይናገራሉ፣ እኔ በአማርኛ እተረጉማለሁ። በመምህሩ ጠረጴዛ ላይ መጽሐፉን ገልጠው፣ መስታወቱን በሁለት እጃቸው አቀረቡለት። አጎንብሶ አየ። ረጅም ጊዜ አየ። ቅንድቡ ወደ ላይ ሲወጣ፣ ፊቱ ሲለወጥ አየሁት! ከእኔ ፀጉር ያራገፋቸውን እነዚያኑ ነጫጮች፣ ፀጉር በሌለበት ወረቀት ላይ ሲሯሯጡ አየ። ከዚያ መስታወቱን አስቀመጠና ቀና አለ።

«ተባይ ተባይ ነው። ቤታቸውን ያጽዱ በያቸው።»

«ምን አለ?» አሉኝ ባባ።

በመስኮቱ በኩል የክፍሌ ልጆች ጮክ ብለው ሲያነቡ ይሰማኛል። እኔ የማውቀው ገጽ ነው፤ የሚሳሳቱበትን ቃል ሁሉ አውቀዋለሁ። ለባባ እውነቱን ብናገር፣ ያን ድምፅ የምሰማው ለመጨረሻ ጊዜ ነው።

«ተሳስቻለሁ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ ይላል» አልኳቸው።

የባባ ፊት በራ። የሰውየውን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ለእናቱ፣ ለአባቱ፣ ለሚወልዳቸው ልጆች ዱዓ አደረጉለት። «ምን ይላሉ?» አለኝ መምህሩ። «ይመርቁዎታል» አልኩት። ያፍራል ብዬ ነበር። ደስ አለው! «አሜን በያቸው» አለኝ። ሰባት ዓመት አለፈው፤ ያቺ «አሜን» እስከ ዛሬ ታንቀኛለች።

በዚህም አላበቃ። ባባ ጠረጴዛው ላይ ሽፋኑ የተቀደደውን የንጽሕና መዝገብ አዩና፣ «ጥፋቱን ለሚያምን ሰው ስጦታ ይገባዋል፤ ትምህርት ሲዘጋ ይላክልኝ፣ እጠርዝለታለሁ በይው» አሉኝ። ይህንን አንዲት ቃል ሳላጓድል ተረጎምኩ።

ክረምት መጣና መዝገቡ ቤታችን ገባ። ራሴ ላይ ፀጉር እንደ አዲስ ሣር ብቅ ብቅ እያለ፣ እኔ ሙጫ ሳማስል፣ ባባ ያላቸውን ቀይ የፍየል ቆዳ አውጥተው፣ ለቁርኣን የሚያወጡትን ጌጥ በጋለ ብረት አትመው፣ ያንን መዝገብ ይጠርዙ ነበር። የአማርኛ ፊደል አያነቡም። «ያንቺ ስም የቱ ጋ ነው?» አሉኝ አንድ ቀን። አሳየኋቸው። በአውራ ጣታቸው ገጹን ቀስ ብለው አለሰለሱት። «ከጎኑ ያለው ቀዩስ ምን ይላል?»

«ጎበዝ» አልኩ።

በልጅነቴ ሁለት ጊዜ ዋሸሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ለዚያ ሰውዬ ነው የዋሸሁለት። ባባ ከሁለት ዓመት በኋላ ሲሞቱ፣ ለቀብር ለመጣው ሁሉ አክስቴ ራሷ «መምህሩን ይቅርታ ያስባሉት እሳቸው ናቸው» እያለች ታወራ ነበር። ሰውየው ያን ጊዜ ሹመት አግኝቶ ወደ ሌላ አገር ሄዷል። ይቅርታ የጠየቀ ሰው ተብሎ፣ ዱዓ ተደርጎለት፣ በነጻ!

ዘንድሮ የሳይንስ መምህራችን የግንድ ላይ ነፍሳት፣ የመጽሐፍ ነፍሳት፣ የዶሮ ቅማልና የሰው ቅማል ሁሉ ዘመዳሞች ናቸው ሲሉ፣ ክፍሉ ዞሮ አየኝ። ይዩኝ! አክስቴም ዘመዴ ናት፤ ታዲያ እኔ አክስቴ ነኝ?

ቁም ሣጥኑን የከፈትኩ ዕለት መዝገቡን ፈልጌ ነው ያገኘሁት፤ ከሥር፣ ከረጠበው ግድግዳ ጋር ተጣብቆ። ቀዩ ቆዳ አንድ ቦታ እንኳ አልተላቀቀም። ገጼን ገለጥኩ። ስሜ አለ፣ ቀዩም አለ፤ በላዩ ላይ ነጫጮቹ ይሯሯጣሉ፣ የባባን ሙጫ ሻጋታ እየላሱ። ልቀደው ያዝኩት። ግን የተሰፋ መጽሐፍ እንዲያ ነው፤ አንዱን ቅጠል ብትቀዱት በወዲያ በኩል ያለው ጓደኛው ይላቀቃል፣ ክሩ ይላላል፣ ቀስ በቀስ ሁሉም ይፈርሳል። ክሩ ደግሞ የባባ ነው። ለቀቅሁት። ከዘበኛው ዶሮ አንድ ላባ ለምኜ፣ ነጫጮቹን መዳፌ ላይ ጠርጌ፣ ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ግንድ ላይ አወረድኳቸው፤ መዝገቡንም ከነቀዩ ጽሑፉ ፀሐይ ላይ ዘረጋሁት።

ፀጉሬ አሁን ወገቤ ይደርሳል። እናቴ ዛሬም እሑድ እሑድ ትጎነጉንልኛለች፤ ያን ቀን ስለተባለው ነገር ግን እስከ ዛሬ አልጠየቀችኝም፣ እኔም አልነገርኳትም። ያኔ በሁለት ሰዎች መሐል ቆሜ ያልተባለ ቃል ተናገርኩ፣ በዚያ ቃልም ክፍሌ ውስጥ ቀረሁ። በዚያው ክፍል በተማርኩት ፊደል፣ ዛሬ የተባለውን እንደተባለ ጻፍኩት፤ ባባ አያነቡትም።